መስከረም ሲጠባ ከልጆች ጋር የምንሠራቸው ቀላል ነገሮች

ልጆች ክረምቱን ቤት ውስጥ ታፍነው ነው የሚያሳልፉት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ውጭው ጭቃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ ስለዚህ ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ይጣዳሉ። ጳጉሜ ስትገባ ግን ሰማዩ መከፈት ይጀምራል፣ ሜዳው ቢጫ ይለብሳል። ትምህርት እስኪጀመር ደግሞ ገና ቀናት አሉ። ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ ከልጆች ጋር ቁጭ ብሎ ለመሥራት የሚመቸው ይሄ ጊዜ ነው።

ልጆቼ ሁለት ናቸው። ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 3 ሞልቶታል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የራሳችን ግቢ የለንም፤ ያለን ጠባብ በረንዳና ከሕንፃው ሥር ያለው የጋራ ሜዳ ብቻ ነው። ለመጫወቻ የሚተርፍ ገንዘብም የለም። አዲስ ዓመት ሲመጣ ወጪው የትየለሌ መሆኑን ታውቁታላችሁ፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ዘይቱ፣ የልጆቹ ልብስ፣ ከዚያ ወዲያው ደብተርና የትምህርት ቤት ክፍያ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ወቅቱ በነጻ በሚሰጠንና ቤት ውስጥ በሚጣለው ነገር የሠራነውን ነው። የሞከርኩትንና ልጆቼ ደግመው "እንሥራ" ያሉትን ብቻ መርጫለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ልጁ ሲሠራ እጃችሁን ሰብስቡ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች አጠገቡ ተቀመጡ፣ አሳዩት፣ ከዚያ ተዉት። እኛ አዋቂዎች "ቆይ እኔ ላስተካክልልህ" ማለት እንወዳለን። ያስተካከልነው ሥራ ግን የልጁ መሆኑ ይቀራል፤ ልጁም ያውቀዋል፣ ጥሎት ይሄዳል። ጠማማ ሆኖ ቢወጣ ምን ችግር አለው?

ከእንቁጣጣሽ ሥዕል ልጀምር። በእኛ ልጅነት ወንዶቹ ሥዕል ሥለው ለጎረቤት ሲያዞሩ፣ ሴቶቹ ደግሞ ለምለም ቄጤማና አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ይጨፍሩ ነበር። ሥዕሉ መልአክ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ አበባ ነው። አሁን ታትሞ ያለቀለት ሥዕል በየመንገዱ ይሸጣል፤ ልጁ ገዝቶ ያከፋፍልና ብሩን ይሰበስባል። እኔ ይሄን አልወደውም። ልጁ ከሥራው ምንም አላየማ! ቤታችን ሥዕሉ በእጅ ነው የሚሠራው፣ ሴትም ወንድም ሳይባል። ከታች ያሉት እማማ ልጄ የሰጠቻቸውን ፀሐይ ፍሪጃቸው ላይ ለጥፈውት እስከ ፋሲካ ድረስ ቆይቷል። የታተመውን እንዲህ የሚያስቀምጥ ሰው አላየሁም።

ለወረቀት የምንጠቀመው ቢሮ በአንድ በኩል ታትሞበት የሚጣለውን ነው። መሥሪያ ቤት የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ አስቀምጥልኝ በሉት፣ ዓመት ሙሉ አትቸገሩም። የጫማ ካርቶንና ያለቀ ደብተር ሽፋን ደግሞ ለካርድ ይሆናሉ።

ቀለሙን ከማድ ቤት ነው የምናወጣው። ቀይ ሥር ፈቅፍቆ መጭመቅ ደማቅ ሮዝ ይሰጣል፤ እየቆየ ግን ይደበዝዛል። የቡና አተላ ለግንድ፣ ለአፈርና ለፀጉር ቡናማ ይሆናል። የጎመን ቅጠል ወረቀት ላይ በደንብ ሲታሽ አረንጓዴ ይተዋል። አደይ አበባም እንዲሁ ሲታሽ ቢጫ ይሰጣል። በርበሬን ግን ከዚህ ሥራ አርቁት። ልጅ በዚያ እጁ ዓይኑን ማሸቱ አይቀርም።

የሁሉም አለቃ እርድ ነው፣ እሱን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጡ። እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ወይም ጥጥ ጠምጥማችሁ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ ቢጫ ቀቡት። በረንዳ ላይ አስጡት፣ በደንብ ይድረቅ። እስኪደርቅ የልብስ ሳሙና ቁራጭ በትንሽ ውኃ አሟሙት። አሁን ልጁ ጣቱን ሳሙናው ውስጥ ነክሮ በቢጫው ወረቀት ላይ ይሣል። ጣቱ ያለፈበት ሁሉ ቀይ ይሆናል! ቢጫና ቀይ ብቻ ነው የነበረው፣ ልጄ ግን ከለር እርሳሷን ጨርሳ ረሳችው። ከዚያ ግማሽ ሎሚ ስጡት። ሎሚው የነካው ቀይ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እርድ ውስጥ ያለው ቀለም እንደ ሳሙና ያለ ነገር ሲያገኘው ይቀላል፣ አሲድ ሲያገኘው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ለ6 ዓመት ልጅ ይሄን ያህል ብትነግሩት ይበቃዋል። ለ3 ዓመቱ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ደጋግሞ መንከር ብቻ ነው የሚፈልገው። ሥራው ሲያልቅ እጃቸውን አስታጥቧቸው፣ የሳሙናው ውኃም ዓይን እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ለመለጠፊያ ሙጫ አልገዛም። አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአራት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ እበጠብጥና ቀስ ባለ እሳት ላይ እስኪወፍር አማስለዋለሁ። ሲበርድ ለወረቀትም ለካርቶንም በደንብ ይይዛል። በማግስቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ።

የበዓሉ ዕለት ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጤማ ጠርጋችሁ አትጣሉት። እኔ ረጃጅሙን እየመረጥኩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ። ጠውለግ ማለቱ እንዲያውም ይጠቅማል። ትኩሱ ሲያጥፉት ይሰበራል፣ የጠወለገው ግን እንደ ልብ ይታጠፋል። ሦስት ሦስት እግር አድርጋችሁ ጫፉን በክር እሰሩና የወንበር እግር ላይ ወጥሩት፤ ልጁ ፀጉር እንደሚሠራ ሰው ይጎንጉነው። የ6 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ ይለምደዋል። የ3 ዓመቱ አይችልም፤ እሱ አቀባይ ይሁን። ከጉንጉኑ አክሊል ይሠራል፣ አምባር ይሠራል፣ የአሻንጉሊት ገመድ ይሆናል። አክሊሉ ላይ አደይ ሲሰካበት ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከራሳቸው አያወርዱትም። አያታቸው ስፌት ሲሰፉ ስላየች ልጄ አሁን ክብ መቀመጫ ልሥራ እያለች ነው። አክርማና ስንደዶ ሳይኖር በቄጤማ መጀመሩ ጥሩ ልምምድ ነው።

አደይን በተመለከተ፣ ከሜዳ ስትለቅሙ ልጆቹን ከሥሩ መንቀል ሳይሆን ግንዱን መቁረጥ አስተምሯቸው። ዘሩ መሬት ላይ ካልረገፈ በሚመጣው ዓመት እዚያ ቦታ አይኖርም። ጥቂቱን በሁለት ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ብትጫኑት በሁለት ሳምንት ገደማ ደርቆ ጠፍጣፋ ይሆናል። እኛ እሱን ካርቶን ላይ ለጥፈን ልጄ ትምህርት ስትጀምር ለአስተማሪዋ ሰጠች።

ወደ ጭቃው ልምጣ። ኢንተርኔት ላይ የልጆች ሥራ ስትፈልጉ በብዛት የምታገኙት የጨው ሊጥ ነው፤ ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ ወደ አንድ ስኒ የሚጠጋ ውኃ። በደንብ ይሠራል። እናቴ ግን ስታይ "እህል መጫወቻ አይደለም" አለች። እኔም በሐሳቧ ተስማማሁ። ዱቄት በዚህ ዋጋ እየተገዛ ለመጫወቻ መቡካቱ አይዋጥልኝም፤ ልጆቼም እህል ክቡር መሆኑን ቢያውቁ እወዳለሁ። ነቀዝ የገባበት ዱቄት ካላችሁ ሌላ ነገር ነው። ካልሆነ ግን መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ሲርስ የከረመ ነው፣ ጭቃ ሞልቶናል።

ቀይ አፈር ፈልጉ። ጥቁሩ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ልጁም ያዝናል። ቆሻሻ ከሚጣልበትና ከቱቦ ራቅ ካለ ቦታ ቆፍራችሁ ጠጠሩን ልቀሙ፤ አሮጌ ወንፊት ካላችሁ ንፉት። ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። መድረሱን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ በመዳፋችሁ መሃል አድቦልቡላችሁ እንደ ገመድ ቀጭን አድርጉትና ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ካልተሰነጠቀ ደርሷል። ከተሰነጠቀ ውኃ ጨምሩ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ አፈር ጨምሩ። ከበዓሉ የተረፈውን ደረቅ ቄጤማ አድቅቃችሁ ብትቀላቅሉበት ጭቃው ሲደርቅ ይያያዛል። የጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ የሚገባው ለዚሁ ነው።

ልጆቹ ምን ይሥሩ ብላችሁ አትጨነቁ። የእኔዎቹ ሳልነግራቸው ወደ ጀበናና ስኒ ነው የሄዱት። ትልቋ ረከቦት ሠርታ ስድስት ስኒ ደረደረችበት። ትንሹ ላም ብሎ የሠራው አራት እግር ያለው ድንች ይመስል ነበር፤ ቀንድ ግን አለው። የክብሪት እንጨት ነው የሰካበት። የተሠራውን ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይፈነዳል። ቀጫጭኑ በሁለት በሦስት ቀን፣ ወፈር ያለው ከዚያ በላይ ይፈጃል። እሳት ስላልገባ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል፣ ያኔ መልሶ ማቡካት ነው። የደረቀውን በቀይ ሥርና በእርድ ይቀቡታል፣ ከዚያ ዕቃ ዕቃ ጨዋታው ለሳምንታት ይቀጥላል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጭቃ ጀበናው ዙሪያ ተሰብስበው "ቡና ድረሱ" ሲባባሉ መስማት ደስ ይላል።

ጳጉሜ 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ከጣለ ልጆቹን አልከለክላቸውም። ወርደው ይመታሉ፣ ይጮሃሉ፣ ይጠመቃሉ። ወዲያው ደረቅ ልብስና ትኩስ ሻይ አዘጋጃለሁ፣ በቃ።

የእንቁላል ትሪ ደግሞ በአዲስ ዓመት ከየቤቱ ይወጣል። 30 እንቁላል የሚይዘው ትሪ 5 በ6 ነው። ሁለቱን ረድፍ ቆርጣችሁ ስታወጡ 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ አገኛችሁ ማለት ነው። የቀረው 3 በ6 ነው፤ ገበጣን በሦስት ረድፍ የሚጫወቱ አሉና እሱም አይጣልም። እንቁላል የፈሰሰበትን ትሪ አትጠቀሙ፤ ንጹሑን መርጣችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ይገባል፣ በጠቅላላው 48። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ አባቴ የሚያውቀውና የባለቤቴ ቤተሰብ የሚጫወተው አይመሳሰልም። እናንተም ቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ። አያት ከልጅ ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ የሚጫወተው ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም፣ ገበጣ ግን ሁለቱንም እኩል ይይዛቸዋል። ልጄ መደመርና መቁጠር የተሻሻለላት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ለትንሹ ጠጠር አልሰጠውም። እሱ የሃይላንድ ክዳን በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየከተተ፣ ቀዩን ከሰማያዊው እየለየ ይጫወታል።

ሃይላንድ ካልኩ አይቀር፣ ባዶ ሃይላንዶችን ጥቂት ውኃ አድርጋችሁ አቁሟቸውና በካልሲ ኳስ ማስመታት ነው። ለካልሲ ኳሱ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ ውስጥ ፌስታልና ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ አፉን ስፉት። ቤት ውስጥ ቢጫወቱበት እንኳን መስኮት አይሰብርም። ከታች ሜዳ ላይ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ በከሰል ወይም በጠመኔ ይሣላል፣ ሱዚ ይዘለላል፣ ቅልሞሽ ይጣላል። እነዚህን ማስተማር የሚያስፈልገን ይመስለን ይሆናል። አንድ ጊዜ ወርዳችሁ ራሳችሁ ብትዘሉ በቂ ነው፣ የቀረውን ልጆቹ ለልጆቹ ያስተምራሉ።

ለትዕግሥት የሚሆነው ሥራ ዘር ማብቀል ነው። ባቄላ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ ወይም ሶፍት ታደርጉና ባቄላውን በብርጭቆውና በጥጡ መሃል ታስገቡታላችሁ፤ ሥሩ ሲወጣ በመስታወቱ ይታያል። ባቄላው የልጁን ትዕግሥት ይፈትናል፤ ስለዚህ አጠገቡ ምስር አድርጉ። ምስር በሁለት በሦስት ቀን ያቆጠቁጣል፣ ልጁም ተስፋ አይቆርጥም። ሌላው የጤፍ ፀጉር ነው። የሃይላንድ ታችኛውን ክፍል ቆርጣችሁ በአፈር ሙሉት፣ ፊት ለፊቱ ላይ ዓይንና አፍ ይሣልበት፤ ግማሽ ማንኪያ ጤፍ ላዩ ላይ በትኑና ውኃ ርጩበት። አፈር አትመልሱበት፣ ጤፍ ጥልቀት አይፈልግም። በሳምንት ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ፀጉር ያበቅላል። ልጁ በመቀስ ያስተካክለዋል፣ ይከፍለዋል። ይሄን እናቴም አልተቃወመችም፤ መዝራት እህል ማባከን አይደለምና። የተቆረጠውን የሃይላንድ ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑት፣ እጅ ይቆርጣል።

ለደመራ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ትንሽዬ እንሠራለን። ቀጫጭን ጭራሮ ለቅመው በክር ያስሩታል፣ ጫፉ ላይ አደይ ይሰካል፣ በጭቃ መሠረት ይቆማል። እሳት አይነካውም። ትልቁን መስከረም 16 ከሰፈሩ ጋር ያያሉ፣ የራሳቸው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይከርማል።

ውጭ አገር ያለችው እህቴ ይሄን ሁሉ ስነግራት "እኔ አደይ ከየት አባቴ ላምጣ?" ትለኛለች። እዚያ አዲስ ዓመታችን የሚውለው ቅጠል ሊረግፍ ሲል ነው። እሷ ከቢጫ ወረቀት አደይ ቆርጣ ከልጆቿ ጋር መስኮት ላይ ትለጥፋለች። እርዱም፣ የእንቁላል ትሪውም፣ ባቄላውም ግን የትም ይሠራል።

አሁን ስለ አደገኛ ነገሮች፤ ይሄን ሳታነቡ እንዳትወጡ። ከክረምት በኋላ ባዶ ቦታ ላይ የሚበቅለው ሁሉ ለመጫወቻ አይሆንም። ጉሎ ፍሬው ዝንጉርጉርና የሚያምር ነው፣ ልጅ ለቅልሞሽ ብሎ ይሰበስበዋል፤ ግን መርዝ ነው፣ አኝኮ ከዋጠው ለሕይወት ያሰጋል። አጤ ፋሪስ፣ አስታናግር የሚሉትም፣ ነጭ አበባው እንደ ጥሩምባ ሆኖ ዓይን ይስባል፤ ቅጠሉም ዘሩም መርዛማ ነው። የቁልቋል ወተት ዓይን ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል። ሳማን ልጆቹ አንዴ ከነካቸው ራሳቸው ያውቁታል። እኔ ልጆቹን ወደ ሜዳ ከመልቀቄ በፊት ዞሬ አያለሁ፣ ጉሎና አጤ ፋሪስንም በስም እያሳየሁ "ይሄ አይነካም" እላቸዋለሁ። ከዝናብ በኋላ ክዳን የሌለው ጉድጓድና ውኃ የያዘ ቦይም መታየት አለበት። ቤት ውስጥ ደግሞ ባቄላ፣ ሽምብራና ጠጠር ከሕፃን አፍንጫ፣ ጆሮና ጉሮሮ ይራቅ። ባቄላ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በቤት ውስጥ ለማውጣት አትታገሉ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል። በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጠርሙስ ቆርኪም ጠርዙ ስለሚቆርጥ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሰጥም።

ስለ ልብስ የምትጠይቁኝ ከሆነ፣ ለእነዚህ ሥራዎች የጠበበ አሮጌ ቲሸርት ለይታችሁ አስቀምጡ። ጭቃው ደርቆ ሲራገፍ ይለቃል። እርዱ ግን በሳሙና ስታጥቡት መጀመሪያ ይቀላል፣ አትደንግጡ። በደንብ አለቅልቁትና እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጡት። ፀሐይ የእርድን ቀለም ስለሚያፈዝዘው ለጥቂት ቀን ደጋግማችሁ ካሰጣችሁት አብዛኛው ይለቃል።